ምጣዱ የት ይቀመጥ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገጣፎ፣ በ2003 ዓ.ም. በሠራነው ቪላ ውስጥ ነው። ባለቤቴ፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን፣ የባለቤቴ እናትና እኔ፣ አምስት ነን። ኪችናችን 3 ሜትር በ4 ሜትር ከ20 ነው። ከሳሎን የሚለየው ረጅሙ ግድግዳ ሲሆን መሃሉ አካባቢ 90 ሳንቲም በር አለው። ሲንኩ ትይዩው ባለው የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ ወደ ጓሮ የሚያስወጣው በር ደግሞ በምዕራብ በኩል። በምሥራቅ ጥሩ መስኮት አለ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል። ግን መስኮቱ ሥር የተቀመጠው የጤፍ ጆንያና የተበላሸ ፍሪጅ ነው። ልጆቹን 12 ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ስለሚወስዳቸው ቁርሳቸውን የሚበሉት ቆመው ነው። እኔ የምመኘው እዚያ መስኮት ሥር ቁጭ ብለን ቁርስ የምንበላባት ትንሽ ቦታ ብቻ ነበር።

ነገሩ የሰፋው አሜሪካ ያለች የባለቤቴ እህት የኪችን ፎቶ ከላከችለት በኋላ ነው። አሁን ግድግዳው ጠቅላላ ይፍረስ፣ መሃል ላይ አይላንድ (ለብቻው የሚቆም የሥራ ጠረጴዛ) ይሠራ፣ ጓሮ ያለው ማድ ቤትም ይፍረስና መኪና ማቆሚያ ይሁን ይላል። እንጀራው አዲሱ ኪችን ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል ባይ ነው። እማማ (እናቱን እንዲህ ነው የምጠራቸው) አንድም ቃል አልተናገሩም። ያን ዕለት ግን እራት አልበሉም፤ በነጋታው ማድ ቤታቸውን ከወትሮው አጥብቀው ሲጠርጉ አየኋቸው።

ከእቁብ የወጣልኝ 600 ሺህ ብር አለ። ሁለት ባለሙያ አነጋግረናል። አንዱ «በሦስት ሳምንት አስረክባለሁ፣ 70 በመቶ ቅድሚያ ስጡኝ» ሲል፣ ሌላው በስልክ ብቻ «ግድግዳው ይፈርሳል፣ ችግር የለውም» አለን። ባለቤቴን ማስከፋት አልፈልግም፣ እማማንም ማስቀየም አልፈልግም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፎቶው እኔንም አጓጉቶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መሃል የቆመችው፣ ከለገጣፎ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ከደብዳቤሽ ሁሉ እማማ ማድ ቤታቸውን አጥብቀው የጠረጉበት ጠዋት ላይ ቆም አልኩ። ሰው እንዲያ አድርጎ የሚያጸዳው ሊወሰድበት ነው ብሎ የፈራውን ነው። ዝምታቸውን እንደ እሺታ አለመቁጠርሽ ጥሩ አድርገሻል።

ባለቤትሽም ክፉ አላሰበም። ፎቶው ላይ የወደደው ምኑን እንደሆነ ግን ጠይቀሽዋል? አይላንዱን ነው? ብርሃኑን? ወይስ አንቺ ወጥ ስትሠሪ እሱ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ብቻውን መቅረቱ ሰልችቶት ይሆን? የመጨረሻው ከሆነ መፍትሔው 4 ሜትር ከ20 ግድግዳ ማፍረስ አይጠይቅም። አንቺስ ያጓጓሽ የትኛው ነው? ለየብቻ ወረቀት ላይ ጻፉትና አንዳችሁ የሌላውን አንብቡ። ሰው ፎቶ ሲያይ የሚወደው አንድ ነገር ነው፤ የቀረው አብሮ ይመጣል።

ግድግዳው፣ ማድ ቤቱ፣ አይላንዱ እያላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብትመልሱ ሌላው ሁሉ ቦታውን ይይዛል፤ ምጣዱ የት ይቀመጥ?

የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደየሥሪቱ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ተራው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው ቢበዛ 16 አምፔር ነው፤ ያውም ለአጭር ጊዜ ብንጠቀምበት። እንጀራ ሲጋገር ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይነቀል ይቆያል። በየቤቱ የምጣድ ሶኬት ጠቁሮና ቀልጦ የምናየው ለዚህ ነው። ስለዚህ ምጣዱ የትም ይቀመጥ የት፣ ከማከፋፈያው ጀምሮ ለብቻው የተሳበ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይፈልጋል፤ ርቀቱ ከ15 ሜትር ካለፈ ባለ 6 ካሬ ይሁን። የራሱ 25 አምፔር ብሬከርና የኧርዝ ሽቦ ይኑረው፤ ጫፉም ከሶኬት ይልቅ በግድግዳ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ይጠናቀቅ። የዋናው ብሬከርሽን ቁጥርም ዛሬውኑ አንብቢው። 32 ከሆነ፣ ምጣዱ 17፣ ውሃ ማፍያው 9፣ ካውያው 9 ብለሽ ደምሪ፤ 35 ይሆናል፣ ከብሬከሩ አቅም በላይ ነው። ይህን የሚያስተካክለው ግራናይት አይደለም።

ቁመቱ ደግሞ አለ። የኪችን ካቢኔት ከነግራናይቱ ከ85 እስከ 90 ሳንቲም ነው። እዚያ ላይ ምጣድ ብታስቀምጪ ፊቱ አንድ ሜትር ይጠጋል። 60 ሳንቲም የሚሰፋ ምጣድ ላይ ሊጡን እስከ ማዶ ጠርዝ ድረስ ማዞርና አክንባሎውን ትከሻ ሳያነሱ መክደን ከዚያ ከፍታ ላይ አይሆንም፤ በዕድሜ ለገፉት እናት ደግሞ ጭርሱኑ። የምጣዱ ፊት ከወለል ከ70 እስከ 75 ሳንቲም ሲሆን ነው እጅ እንደልቡ የሚሄደው። ከምጣዱ በላይ የግድግዳ ካቢኔት አይታሰብም፤ እንፋሎቱ በጥቂት ወር ውስጥ የቺፑዱን ጠርዝ ያሳብጠዋል። ከጎኑ ደግሞ ለቡሃቃው፣ ለሰፌዱና ለማሰሻው፣ የወጣው እንጀራ ለሚበርድበትም ቢያንስ 60 ሳንቲም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ፎቶው ላይ ካለው ኪችን ግማሹን ይወስዳል። የፎቶው ባለቤቶች እንጀራ አይጋግሩም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ማድ ቤቱ ይቆይ፣ ይታደስም። እንጀራ፣ ቁሌት፣ በርበሬ ማመስ፣ ቅቤ ማንጠር እዚያ ይሁን። የቤት ውስጡ ኪችን ለቁርስ፣ ለሽሮ፣ ወጥ ለማሞቅና ለዕቃ ማጠቢያ ይቅር። መብራት በጠፋ ቀንም እማማ ጓሮ በእንጨት መጋገር ይችላሉ፤ ለገጣፎ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እድሳቱ ብዙ አይጠይቅም። ወለሉ ወደ በሩ በትንሹ አዘቅዝቆ ሲሚንቶ ይፍሰስበት። የምጣዱ ፊት 75 ሳንቲም ላይ እንዲሆን ተሰልቶ የብሎኬት መደብ ይሠራለት፤ ከላይ ቆርቆሮው ሥር ጭስ መውጫ፣ ከታች አየር መግቢያ፣ የምጣድ መስመር፣ አንድ ጥሩ አምፖል። ጥግ ላይ እማማ የሚያርፉበት መደገፊያ ያለው ወንበር።

ባለቤትሽ ስለ መኪናው ቢያነሳ አትከራከሪው፤ ሜትር ይዛችሁ ውጡ። አንድ መኪና በሩ እንዲከፈት ጭምር 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ይፈልጋል። ማድ ቤታችሁ እንደ ብዙዎቹ 2 በ3 ሜትር ከሆነ ቢፈርስም የሚገኘው የመኪና ግማሽ ማቆሚያ ነው።

ስለ ክፍት ኪችን ደግሞ በነጻ የሚሞከር ነገር አለ። አንድ ቅዳሜ የሳሎኑን በር ወለል አድርገሽ ክፈቺና እዚያው ኪችን ውስጥ የዶሮ ቁሌት አቁላዪ። እሑድ ጠዋት መጋረጃውንና የሶፋውን ትራስ ባለቤትሽ ያሽትት። ከወደደው ወደደው፤ ሐሳቡን ቢቀይር ግን ከአንቺ የወጣ ክርክር አይሆንበትም።

አሁን ወደ ግድግዳው። ሳያይ «ይፈርሳል» ያለሽን ሰው ተዪው። የብሎኬት ግድግዳ ክብደት ይሸከም አይሸከም ከታች አይታወቅም። አንድ ሰው ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ በባትሪ ይመልከት። የጣሪያው እንጨት በዚያ ግድግዳ ላይ አርፏል? ከግድግዳው አናት ላይ ቢም አለ? ካለስ ጫፍና ጫፉ ኮለን ላይ ተቀምጧል? እንጨቱ ብሎኬቱ ላይ በቀጥታ ካረፈ ግድግዳው ጣሪያ ተሸክሟል ማለት ነው፤ ያለ መሐንዲስ አይነካም። ፈቃድንም አትርሺ፤ የሕንፃ አዋጁ አዲስ ግንባታን ብቻ ሳይሆን በነባር ቤት ላይ የሚደረግ ለውጥንም ይመለከታል። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት የአካባቢያችሁን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

አይላንዱ በበኩሉ በሂሳብ ይወድቃል። ክፍሉ 3 ሜትር ይሰፋል። የሲንኩ ካቢኔት 60 ሳንቲም ይወስዳል፤ ካቢኔት ሲከፈት ከኋላ ሰው እንዲያልፍ 1 ሜትር መተላለፊያ፤ አይላንዱ ራሱ ቢያንስ 80። 2 ሜትር ከ40 ሆነ። ከአይላንዱ ወዲያ የሚቀረው 60 ሳንቲም ነው። ግድግዳው ቢፈርስ እንኳ የጎደለውን ከሳሎን ትወስዳላችሁ፤ ሶፋውም ወደ በሩ ይገፋል።

መካከለኛው መንገድ ያለውን የ90 ሳንቲም በር ወደ 1 ሜትር ከ40 ማስፋት ነው። ባለቤትሽ ከሶፋው ሆኖ ያይሻል፣ ያወራሻል፤ ቁሌት በተቁላላ ቀን ደግሞ ተንሸራታች የአሉሚኒየምና የመስታወት በር ይዘጋል። በሩ በሳሎን በኩል ባለው የግድግዳው ፊት ላይ እንዲንሸራተት ግራና ቀኝ 70 ሳንቲም ባዶ ግድግዳ ይፈልጋል፤ ማብሪያ ማጥፊያው እዚያ ካለ ቀድሞ ይነሳ። ግድግዳው ጣሪያ የማይሸከም መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ከአዲሱ በር በላይ 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም የኮንክሪት ቢም ይጋደማል፤ ግራና ቀኝ 20፣ 20 ሳንቲም ብሎኬቱ ላይ ያርፋል። ውፍረቱ የግድግዳውን ያህል፣ ቁመቱ 20 ሳንቲም፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ አራት፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ስታፋ (ፌሮዎቹን የሚያቅፈው ቀለበት) በየ20 ሳንቲሙ፤ ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር። ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ፣ ድጋፉ ለ14 ቀን አይነሳ። ሠራተኛ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ በአራተኛው ቀን ድጋፉ ይነቀላል፣ ከወር በኋላ ከበሩ ጥግ ወደ ኮርኒስ የሚሄድ ስንጥቅ ይታያል፣ ተጠያቂም አይገኝም።

«በሦስት ሳምንት» ያለሽም ከየት እንዳመጣው እንጃ። ቢሙ ብቻ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ብትይዙ ያለ ጭንቀት ያልቃል። ክረምት ላይ ልስን ስለማይደርቅ አትጀምሩ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ግን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ምግቡ ቀላል ስለሆነ ከእማማ ማድ ቤት ቤተሰቡን መመገብ ይቻላል። በዓል ሲቃረብ ሠራተኛ እንደሚበተን ቆጥራችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ባዶ ተዉአቸው።

ወለሉን ሳታዪ ሴራሚክ አትግዢ። በለገጣፎ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከወለል ሥር ያለ የቧንቧ ወይም የፍሳሽ መስመር በጠብታ እንኳ ቢያፈስ አፈሩ ወለሉን ይገፋና ሴራሚኩ ከመሃል ይነሳል። አሁን ያለውን ወለል በሳንቲም ጠርዝ መታ መታ አድርጊው፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ተነስቷል። ከዚያ ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጊና የቆጣሪውን ቁጥር ጻፊ፣ ጠዋት አንብቢው። ሮቶው እየሞላ ከሆነ ያሳስትሻልና ወደ ሮቶ የሚገባውንም ዝጊ። ቁጥሩ ከተነቃነቀ የሚያፈስ አለ። አዲሱ ሴራሚክ ሲነጠፍ ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ፤ ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል።

ሲንኩን ካለበት አታንሺው። የፍሳሽ ቱቦው 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በየሜትሩ 2 ሳንቲም መውረድ አለበት፤ ሲንኩ 3 ሜትር ቢርቅ 6 ሳንቲም ቁልቁለት መገኘት አለበት፣ ያ ማለት ወለል መቁፈር ነው። የወጥ ቅባት ቱቦ ውስጥ ሲበርድ ይረጋል፤ ከውጭ ወደ ማንሆሉ ከመግባቱ በፊት 40 በ40 በ50 ሳንቲም የሆነ ቅባት የሚቀርበት ጉድጓድ ክዳን ያለው ይሠራ፣ በየወሩ ይጠረግ። የሮቶው ውሃ ከሲንኩ ቧንቧ በላይ 3 ሜትር ብቻ ከሆነ ግፊቱ 0.3 ባር ገደማ ነው። ዕቃ ለማጠብ ይበቃል፤ ብዙዎቹን ፈጣን የውሃ ማሞቂያዎች ግን አያስነሳም። ማሞቂያ ከመግዛትሽ በፊት የሚፈልገውን ዝቅተኛ ግፊት ካርቶኑ ላይ አንብቢ።

አሁን ወደ ራስሽ ምኞት፣ ወደ መስኮቷ ሥር። ከሁሉ የሚረክሰውና ከሁሉ በላይ ኑሮአችሁን የሚቀይረው ይህ ስለሆነ ባይጨናነቅ ደስ ይለኛል።

ከመስኮቱ ግድግዳና ከሳሎኑ ግድግዳ በሚገናኙበት ጥግ የኤል ቅርጽ ያለው መቀመጫ ይሠራ። በመስኮቱ በኩል 1 ሜትር ከ80፣ በሳሎኑ ግድግዳ በኩል 1 ሜትር ከ20። ለአንድ ሰው 60 ሳንቲም ትቆጥሪያለሽ፤ ጥጉ ላይ ያለው 45 በ45 ግን የሁለት ሰው ጉልበት ስለሚጋጭበት እንደ መቀመጫ አይቆጠርም። ስለዚህ ሦስት ሰው በምቾት ይቀመጣል፤ በትይዩ ሁለት ወንበር ስትጨምሪ አምስት ሞላችሁ። ጥልቀቱ 45፤ ከወለል እስከ መቀመጫው 45፣ ፍራሹ 5 ከሆነ ሳጥኑ 40 ይሁን። ይህን ሠራተኞች ይረሱትና ፍራሽ ሲጨመር ጉልበት ጠረጴዛውን ይመታል። ጠረጴዛው ከፍታው 75፣ ስፋቱ 70፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፤ ጠርዙ ከመቀመጫው በላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲም ገባ ይበል። እግሩ አንድ፣ መሃል ላይ፣ ከከባድ ብረት መሠረት ጋር ይሁን፤ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ተንሸራቶ የሚገባን ሰው ይከለክላል። መደገፊያው ቀጥ ብሎ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሰው አስር ደቂቃ አይቀመጥም፤ ከላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲም ወደ ኋላ ያዘንብል።

ልኩን ስትደምሪ፣ መቀመጫ 45፣ ጠረጴዛ 70፣ ተደራራቢው 8 ሲቀነስ 1 ሜትር ከ7 ሆነ፤ ወንበር ወደ ኋላ ሲሳብ 60 ጨምሪ። ስለዚህ ከ4 ሜትር ከ20ው 1 ሜትር ከ70 ያህሉ የቁርስ ቦታ ነው፣ 2 ሜትር ተኩሉ ለኪችኑ ይቀራል። የተስፋፋው በር ከዚያ 1 ሜትር ከ70 ወዲህ መጀመር አለበት፤ ካልሆነ ወደ ኋላ የተሳበው ወንበር የበሩን መግቢያ ይይዛል።

የመቀመጫው አጽም ከ40 በ40 ሚሊ ሜትር ብረት ቱቦ ቢሠራ ይሻላል። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ በዓመቱ ይጣመማል። ሥሩ ለማስቀመጫ ሲሆን ከላይ የሚከፈት ክዳን አታስደርጊ፤ አንድ ጭልፋ ለማውጣት ሁሉም ሰው መነሳት አለበት። በሁለቱ ጫፎች የሚሳብ መሳቢያ ይሁን። ከግድግዳው 2 ሳንቲም ይራቅ፤ የውጭ ብሎኬት ላይ ጤዛ ይይዛልና ሻጋታ ይወጣል። ጤፉና በርበሬው እዚያ አይግቡ፤ ለጆንያው ከወለል 10 ሳንቲም ከፍ ያለ ርብራብ ከጓሮ በሩ አጠገብ ይበቃዋል። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ግን በፍጹም እዚያ ውስጥ እንዳይደበቅ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሲጠራቀም ልጆችሽ የሚቀመጡት ከላዩ ላይ ነው። ሲሊንደሩ ውጭ፣ አየር በሚያገኝ የብረት ሳጥን ውስጥ ይቁም።

እማማን ጥጉ ውስጥ አታስገቢያቸው። ጉልበት የሚያመው ሰው ተንሸራቶ መግባትና መውጣት ፈተናው ነው። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ከፍታው 48 ሳንቲም የሆነ፣ ከጓሮ በሩ በኩል የተቀመጠ የእሳቸው ይሁን። ሳያስፈቅዱ ተነስተው ወደ ማድ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ።

ቡናውስ? ረከቦቱ በቁርሱ ቦታና በጓሮ በሩ መካከል መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ግን በኤሌክትሪክ ምድጃ። ከሰል በተዘጋ የአሉሚኒየም መስኮት ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ይለቃል፤ ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው ይወድቃል። በከሰል ሲፈላ በረንዳ ላይ ይሁን።

ካቢኔቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልንገርሽ። የሲንኩ ሥር ያለው ሳጥን ከቺፑድ ወይም ከኤምዲኤፍ አይሠራ፤ አንድ ጊዜ ከፈሰሰበት ያብጣል፣ አይመለስም። ውሃ የሚቋቋም ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ ወይም አሉሚኒየም ይሁን፣ 10 ሳንቲም የፕላስቲክ እግር ላይ ይቁም። ቁመቱን ካታሎግ አይወስንልሽ፤ ክርንሽን አጥፈሽ ከወለል ለኪ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ቀንሺ። ላዩ ግራናይት ይሁን፤ ነጭ እብነ በረድ ላይ እርድ ያለበት አልጫ ከፈሰሰ ቢጫው አይለቅም፣ ሎሚም ይበላዋል። ግራናይቱ የሚለካው ካቢኔቱ ቆሞ ካለቀ በኋላ ነው፤ በፕላን ተለክቶ የተቆረጠ ግራናይት ግድግዳው ቀጥ ያላለበት ቦታ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ጭስ መሳቢያው 15 ሳንቲም ቱቦ ኖሮት በቀጥታ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ኮርኒስ ውስጥ ከተለቀቀ ቅባቱ የጣሪያውን እንጨት ያጠጣዋል፣ እሳት ይጠራል። እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬ ረጅም ጊዜ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱም የዚያኑ ያህል ይበዛል። ስለዚህ በሰዓት ከ600 ሜትር ኩብ ያላነሰ የሚስብ ምረጪ።

ስለ ገንዘቡ፣ ከ600 ሺው 90 ሺውን እንደሌለ ቁጠሪው። ግድግዳ ሲከፈት የሚወጣው ጉድ የዚያ ነው። 70 በመቶ ቅድሚያ አትስጪ። ዕቃውን ራሳችሁ በደረሰኝ ግዙ፤ ለእጅ ዋጋው 30 በመቶ ሲጀመር፣ የቀረው ቧንቧና መብራቱ ተፈትሾ፣ ሴራሚኩ አልቆ፣ ካቢኔቱ ቆሞ እያለ በየደረጃው ይከፈል፤ 10 በመቶው ሁሉም ነገር ለአንድ ወር ከሠራ በኋላ። ውሉ ላይ የሽቦው ካሬ፣ የኮምፖርሳቶው ውፍረት፣ የማጠፊያው ብዛት ይጻፍ። ልስን ከመለሰኑ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ፤ ነገ ካቢኔት ሲሰቀል ድሪሉ ቧንቧ እንዳይበሳ።

ሁለቱንም አንድ ላይ ሰብስበሽ «እንወያይ» አትበይ፤ እማማ ልጃቸው ፊት አይናገሩም። መጀመሪያ ብቻቸውን፣ ማድ ቤት ውስጥ እያገዝሻቸው፣ «እማማ፣ ይህ ቤት ቢታደስ ምኑ ይቀየርልዎ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ይፍረስ አይፍረስ የሚለውን አታንሺ። ምናልባት የሚጠይቁት አንድ አምፖልና የማያዳልጥ ወለል ይሆናል። ከዚያ የነገሩሽን ይዘሽ ከባለቤትሽ ጋር ሜትርና ጠመኔ አንሱ፤ 1 ሜትር ከ40ውን በር ግድግዳው ላይ፣ የኤል መቀመጫውን ወለሉ ላይ ሳሉት። እሱ ሶፋው ላይ ይቀመጥና የተሳለው በር ውስጥ ምን እንደሚያይ ይንገርሽ።

የተበላሸውን ፍሪጅ ግን ለዚህ ሁሉ አትጠብቂው። በዚህ ሳምንት ይውጣ፣ ጆንያው ይነሳ፣ ቤት ውስጥ ካለው አንዱ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ይግባ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ልጆቹን እዚያ አስቀምጫቸውና ፀሐዩ ማን ዓይን ላይ እንደሚያርፍ እዪ፤ መጋረጃው የት እንደሚሰቀል ያኔ ታውቂያለሽ።